ቶክ ሾው ቀረጻ ላይ ታዳሚ ሆናችሁ ልትገቡ ካሰባችሁ

ሁለት ጊዜ ነው የሄድኩት። የመጀመሪያው ቀን ከበር ተመለስኩ፣ በሁለተኛው ገብቼ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሦስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ተቀምጬ ወጣሁ። ከዛ ወዲህ የሚያውቁኝ ሰዎች በየተራ "እንዴት ነው የሚገባው? ምን ልልበስ? ስልክ ያስገባሉ ወይ?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ ለእያንዳንዱ ከምደጋግም አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። የፕሮግራሙን ስም አልጠራም፣ የመጀመሪያው ቀን የደረሰብኝን የምናገረው ማንንም ለመክሰስ ስላልሆነ። ደግሞም አሰራሩ ከቦታ ቦታ ብዙም አይራራቅም፣ አንዱን ስቱዲዮ ያየ ሰው ሌላው ውስጥ ቢገባ ግራ አይገባውም።

ከቲኬቱ ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዛ ላይ ነው። ቲኬቱ በአብዛኛው በነጻ ነው፣ ኦንላይን ፎርም ሞልታችሁ ትጠይቃላችሁ፣ ስም፣ እድሜ፣ ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡ፣ አንዳንዴም ለምን መምጣት እንደፈለጋችሁ ይጠይቃሉ። ብዙ ቦታ የእድሜ ገደብ አለ፣ አንዱ 16 ይላል አንዱ 18 ይላል፣ ስለዚ ልጅ ይዛችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ መጀመሪያ እሱን አጣሩ። እኔና ጓደኛዬ ቲኬቱ በኢሜይል ሲደርሰን በቃ ወንበራችን ተይዟል ብለን ነበር የተቀመጥነው። በቀኑ በር ይከፈታል ከተባለበት ሰዓት 20 ደቂቃ ቀድመን ደረስን፣ ስንደርስ ሰልፉ ህንጻውን ዞሮ ወደ ጀርባ ታጥፏል። አንድ ሰዓት ከምናምን ቆምን። ከፊታችን አስራ አምስት የማይሞላ ሰው ሲቀር አንድ ልጅ ወጥቶ "ሞልቷል፣ በጣም ይቅርታ" አለን።

ቲኬት በእጃችን ይዘን እኮ ነው! መጀመሪያ የሆነ ስህተት ያለ መስሎኝ ነበር፣ በኋላ ሳጣራ ግን ሆን ተብሎ የሚደረግ ነገር ነው። ነጻ ስለሆነ ብዙ ሰው ቲኬት ይወስድና በቀኑ ይቀራል፣ ባዶ ወንበር ደግሞ ካሜራ ላይ በጣም ነው የሚያስጠላው፣ ስለዚ ካለው ወንበር በላይ ቲኬት ይሰጣሉ፣ ቀድሞ የመጣ ይገባል። ቲኬቱ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ቲኬት መያዝ መግቢያ ዋስትና እንዳልሆነ ተጽፏል። እኔ ያንን ያነበብኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው፣ እናንተ ግን ከመውጣታችሁ በፊት አንብቡት።

አሰራሩ ምክንያት እንዳለው ይገባኛል። ያናደደኝ አነጋገራቸው ነው። ከኛ ኋላ ምርኩዝ የያዙ አንድ አዛውንት ከልጅ ልጃቸው ጋ ቆመው ነበር፣ ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው መጥቶ "ከዚህ ወዲህ ያላችሁ ላይደርሳችሁ ይችላል፣ ከፈለጋችሁ ጠብቁ" ቢላቸው ኖሮ እኚህ ሰውዬ እግራቸው እስኪንቀጠቀጥ አይቆሙም ነበር። ሰልፍ መቁጠር ከባድ ነገር አይደለም። ታዳሚ የምትፈልግ ከሆነ ታዳሚውን ማክበር የሚጀምረው ከበሩ ውጪ ነው ብዬ አምናለሁ፣ አሁንም ይሄን ሳስብ ይከፋኛል። ብቻ ጓደኛዬ ጎበዝ ናት፣ ዝም ብላ አልሄደችም፣ ልጁን ጠጋ ብላ "የተመለሰ ሰው ለሚቀጥለው ቅድሚያ ያገኛል ወይ?" አለችው። አዎ ያገኛል ለካ! ስማችንን መዘገበልን፣ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አይነግራችሁም። ከበር ከተመለሳችሁ ሳትጠይቁ እንዳትሄዱ።

ሁለተኛው ጊዜ ጓደኛዬ ስራ ስለነበረባት ከታላቅ እህቴ ጋ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ከግማሽ ቀድመን ደርሰን ከሰልፉ ፊት ካሉት ሀያ ሰዎች ውስጥ ነበርን። በር ላይ መታወቂያ ያያሉ፣ ስሙ ከቲኬቱ ጋ መግጠም አለበት፣ ቦርሳ ይፈተሻል። ትልቅ ቦርሳ አትያዙ፣ የምታስቀምጡበት ቦታ የለም፣ እግራችሁ ስር አድርጋችሁት ካሜራ የሚገፋ ሰው ቢደናቀፍበት ራሳችሁ ናችሁ የምትሳቀቁት። ስልክ አንዳንድ ቦታ በሚቆለፍ ከረጢት ከተው ራሳችሁ ጋ ያስይዟችኋል፣ እኛ ጋ ግን ሰብስበው ቁጥር ሰጡን። ዝም አድርጌው ብይዘው ምን አለበት ትሉ ይሆናል፣ እኔም ብዬ ነበር። አንደኛ ገና ያልተላለፈ ፕሮግራም ተቀርጾ እንዳይወጣ ነው፣ ሁለተኛ ደግሞ ስልክ ሲግናል ሲፈልግ ድምጽ መሳሪያ ላይ ጥርርር የሚል ድምጽ ሊያስገባ ይችላል፣ ስፒከር አጠገብ ስልክ አስቀምጣችሁ ሰምታችሁት ታውቃላችሁ አይደል፣ እሱን ነው።

ልብስ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። እህቴ ለቀኑ ብላ የለበሰችው ሸሚዝ ነጭና ጥቁር ቀጫጭን መስመር ያለው ነበር፣ በጣም የሚያምር። በር ላይ ያለችው ልጅ ገና ስታያት "እህቴ፣ ይሄ መስመር ካሜራ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ላዩ ላይ የምትደርቢው አለሽ?" አለቻት። እህቴ አልገባትም ነበር። ነገሩ እንዲ ነው፣ የካሜራው ምስል ራሱ በጣም በደቃቃ ነጥቦች ረድፍ ነው የሚሰራው፣ ቀጭን መስመር ወይም ደቃቅ ቼክ ልብስ ከነዛ ረድፎች ጋ ሲጋጭ ልብሱ ላይ የሌለ ማዕበል የሚመስል ነገር ይፈጥራል፣ ሰውየው ዝም ብሎ ቢቀመጥ እንኳ ልብሱ የሚዋኝ ይመስላል። ጃኬቴን አውልቄ ሰጠኋት፣ እኔ በስስ ሹራብ ቀረሁ፣ እሱ ደግሞ በኋላ ዋጋ አስከፈለኝ እነግራችኋለሁ። ሌላው በጣም ነጭ የሆነ ልብስ መብራቱን አንጸባርቆ ፊታችሁን ያጨልመዋል፣ ትልቅ ጽሁፍ ወይም የድርጅት ምልክት ያለበት ማስታወቂያ ስለሚሆንባቸው አይወዱትም፣ ደማቅ አረንጓዴ ደግሞ ከኋላ ምስል የሚተኩበት አረንጓዴ መጋረጃ የሚጠቀሙ ከሆነ ጭራሽ አይሆንም፣ ልብሳችሁ አብሮ ይጠፋል። አንድ ወጥ የሆነ፣ ሰማያዊም ቡናማም ቀይም ቢሆን፣ ያለምንም ጌጥ ጋጋታ ልበሱ። የሚንቃጨል አምባርም ተዉት፣ ስታጨበጭቡ ይሰማል።

ከዛ አንድ ወረቀት ያስፈርሟችኋል። ምስላችሁን በፕሮግራሙም በማስታወቂያውም ቢጠቀሙ እንደማትቃወሙ የሚገልጽ ነው። እባካችሁ አንብቡት። በምንም ምክንያት ይሁን ፊታችሁ ቲቪ ላይ እንዲወጣ የማትፈልጉ ከሆነ የምትናገሩት ያኔ ነው፣ ከካሜራ ራቅ ያለ ወንበር ሊሰጧችሁ ይችላሉ፣ ካልሆነም ብትቀሩ ይሻላል፣ ከፈረማችሁ በኋላ ቁረጡልኝ ማለት አይሰራም። ሽንት ቤትም ያኔ ሂዱ፣ ቢመጣም ባይመጣም ሂዱ። ቀረጻው ከተጀመረ በኋላ መነሳት አይፈቀድም ማለት ይቻላል፣ ብትነሱ የናንተ ወንበር ባዶ ይሆንና ቅድም የተቀረጸው ላይ ሰው ያለበት አሁን ሰው የሌለበት ይሆናል፣ ኤዲት ሲደረግ ይምታታል። ስኳር ያለበት፣ መድሀኒት በሰዓቱ የሚወስድ፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት የሚያመው ሰው ካለ ቀድሞ ይናገር። እኛ ጋ ሲናገሩ የሰማኋቸው ሁሉ በጥሩ ሁኔታ ነው የተስተናገዱት።

ስቱዲዮው ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የገረመኝ ትንሽነቱ ነው። ቲቪ ላይ አዳራሽ የሚያክለው መድረክ በአይኔ ሳየው ሳሎን ነው። ከጎን ስታዩት ያ የሚያብረቀርቀው ግድግዳ ጀርባው ቀለም ያልነካው ጣውላ ነው፣ በእንጨት ተደግፎ የቆመ፣ እንዳይወድቅ እግሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት የተጫነበት። ወለሉ ላይ እንግዳው የሚቆምበትን ቦታ የሚያሳይ በባለቀለም ፕላስተር የተለጠፈ ምልክት አለ። ጣሪያውን ቀና ብላችሁ ስታዩት ደግሞ መብራት ብቻ ነው፣ በመብራቶቹ መሀል ወደ ታዳሚው ዞረው የተንጠለጠሉ ማይኮች አሉ፣ የኛን ሳቅና ጭብጨባ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ከጎናችሁ ካለ ሰው ጋ የምታንሾካሹኩትም ሊገባ ይችላል፣ ስለ እንግዳዋ ልብስ አስተያየት እየሰጡ የነበሩ ሁለት ልጆች ይሄ ሲነገራቸው ደንግጠው ዝም ጭጭ አሉ።

ብርዱ! ጃኬቴን የሰጠሁት ያኔ ነው የቆጨኝ። ያ ሁሉ መብራት እና መሳሪያ ሙቀት ስለሚያወጣ ቀድመው በደንብ ያቀዘቅዙታል፣ ደግሞ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ያንቀላፋል፣ ቀዝቀዝ ሲል ነቃ ይላል የሚል እምነት አላቸው። አሜሪካዊው የቶክ ሾው አቅራቢ ዴቪድ ሌተርማን ስቱዲዮውን እንደ ፍሪጅ በማቀዝቀዝ የታወቀ ነበር። አሁን በኤልኢዲ መብራት ሙቀቱ ቢቀንስም ብርዱ አልቀረም። ውጪ የፈለገ ቢሞቅ የሚደረብ ነገር ያዙ፣ እሱም አንድ ወጥ ቀለም ይሁን።

ወንበር እናንተ አትመርጡም፣ እነሱ ናቸው የሚያስቀምጧችሁ። ልጅቷ ሰልፉን እያየች "አንቺ እዚህ፣ አንተ እዛ፣ አባቴ እርስዎ ይሄኛው ይመችዎታል" እያለች ስትደለድል ቅር ያላቸው ሰዎች ነበሩ፣ ግን ከመልክ ጋ ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም። ሰልፍ ላይ እያሉ ሲስቁ ሲጫወቱ የነበሩትን ነው ፊት ያደረገቻቸው፣ ፊታቸው ላይ ስሜት የሚነበብባቸውን፣ ቁመተ ረጅሙን ደግሞ ዳር ዳር። አብረው የመጡ ሰዎችን አንዳንዴ ይለያያሉ፣ እኔና እህቴን አንድ ወንበር መሀላችን ገብቶ ለያዩን፣ ልመና ውስጥ አትግቡ፣ ምንም አይደለም።

ከዛ ቀረጻው ሳይጀመር ሰው የሚያሟሙቅ ሰው ይመጣል። እውነት ለመናገር እሱ ባይኖር ኖሮ እኛ ደርቀን ነበር። ቀለደ፣ ከየት እንደመጣን ጠየቀ፣ ከዛ ጭብጨባ አስተማረን። አዎ ይማሩታል! እጅ ጭን ላይ አድርጎ ጣ ጣ ማድረግ ድምጽ የለውም፣ ደረት አካባቢ ከፍ አድርጎ ቶሎ ቶሎ ነው፣ ሁሉም በየራሱ ፍጥነት፣ አንድ ላይ እንደ ዘፈን ከመታችሁት ማይኩ ላይ ሌላ ነገር ይመስላል። "ጭብጨባ" የሚል ጽሁፍ በመብራት የሚበራበት ቦታ አለ፣ እኛ ጋ ግን በእጅ ምልክት ነበር፣ ፍሎር ማናጀሯ (ስቱዲዮው ውስጥ ሆና ቀረጻውን የምታስተባብረው ልጅ) እጇን ከፍ አድርጋ ስታሽከረክር ታጨበጭባላችሁ፣ ጨብጣ ስታወርደው ታቆማላችሁ።

እንግዳዋ ሳትገባ ጭብጨባ ብቻ ለብቻው ቀረጹ፣ ሳቅም ቀረጹ፣ ከዛ "አሁን ወደ ቀኝ እያያችሁ የምትሰሙ ምሰሉ፣ ጭንቅላት ነቅነቅ አድርጉ" ተባልን። ይሄ አልተመቸኝም። ምንም ሳይባል መሳቅ ውሸት መሰለኝ፣ ለእህቴም በአይኔ ነገርኳት። በኋላ ሳስበው ግን ሁለት ነገር ተለየልኝ። ጭብጨባው ለቀረጻ መገጣጠሚያ ነው፣ አንዱ ክፍል አልቆ ሌላው ሲጀምር ድምጹ እንዳይቆራረጥ። ያለ ታዳሚ ሳቅ የሚጨመርበት ዘመንም ነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቻርሊ ዳግላስ የተባለ አሜሪካዊ የድምጽ ባለሙያ የተቀረጸ ሳቅ የሚያጫውት ማሽን ሰርቶ ሳቁን እንደ ፒያኖ በቁልፍ እየተጫነ ፕሮግራሞች ላይ ይጨምር ነበር። ከዛ አንጻር የኛው ሳቅ ለኛው ፕሮግራም መሆኑ ይሻላል። የምትሰሙ ምሰሉ የሚለውን ግን አሁንም አልወደውም። እንድንሰማ አይደል እንዴ የመጣነው፣ ቆይተው የምንሰማውን ቢቀርጹ ምናለ።

ጀመረ። ፍሎር ማናጀሯ ጆሮዋ ላይ ባለው ሄድፎን ከላይ ክፍል ካለው ዳይሬክተር ትሰማለች፣ እጇን ዘርግታ "አምስት፣ አራት፣ ሦስት" ትልና ሁለትና አንድን በጣቷ ብቻ ነው የምታሳየው፣ ድምጽ እንዳይገባ። በዛች ሁለት ሰከንድ ውስጥ ኮሽታ የለም። ካሜራው ላይ ቀይ መብራት ስትበራ የሚያስተላልፈው እሱ ነው ማለት ነው፣ እናንተ ግን በጭራሽ ካሜራውን አትዩ፣ እጅም አታውለብልቡ፣ ያ ሹት (የተቀረጸው ምስል) ወዲያው ይጣላል። ሞኒተርም አትዩ፣ ይሄ ከባድ ነው፣ ሰውየው ከፊታችሁ ተቀምጦ አይን ወደ ስክሪን ነው የሚሄደው፣ ግን ካሜራ ሲይዛችሁ አንገታችሁ ወደ ጣሪያ ተጠምዞ ነው የምትታዩት።

አቅራቢው መግቢያውን የሚያነበው ካሜራው ፊት ከተገጠመ መስታወት ላይ ነው፣ ጽሁፉ ለሱ ይታያል ለካሜራው አይታይም። የእንግዳዋን አልበም ስም ሦስት ጊዜ ተሳሳተ፣ ሦስት ጊዜም እሷ ወደ መጋረጃው ጀርባ ተመልሳ እንደ አዲስ ገባች፣ እኛም ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ተነስተን አጨበጨብን። ሦስተኛው ላይ ጉልበት መቆጠብ ጀምሮ የነበረ ሰው ነበር። እንዳታደርጉት፣ ቲቪ ላይ የሚወጣው የትኛው እንደሆነ አታውቁም፣ ምናልባት ያቺ ሦስተኛዋ ናት። ደግሞ አስቡት፣ እሷ ከመጋረጃ ኋላ ቆማ የምትሰማው የኛን ድምጽ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ይሄን ሁሉ የምጽፈው ለሱ ስል ነው ማለት እችላለሁ። እንግዳዋ ድምጻዊት ናት። ድምጿ ታሞ ለሁለት ዓመት መዝፈን ያቆመችበትን ጊዜ ማውራት ጀመረች፣ መጀመሪያ እየሳቀች ነበር የምታወራው፣ ለብዙ ጊዜ የለመደችው ታሪክ ይመስላል። ከዛ አቅራቢው "ቤት ውስጥ ብቻሽን ስትሆኚስ ትሞክሪው ነበር?" አላት። ዝም አለች። እንባዋ ቅርር አለ። አንድ ሰውዬ ከኋላችን ለማበረታታት ብሎ ማጨብጨብ ሲጀምር ፍሎር ማናጀሯ መዳፏን ዘርግታ ቀስ አድርጋ ወደ ታች አወረደችው፣ ሰውየውም ገብቶት አቆመ። አቅራቢውም አልተናገረም። ከላይ የመብራቱ ጩኸት፣ በጣም ቀጭን እዝዝዝ የሚል፣ እሱ ብቻ ይሰማ ነበር። እንግዳዋ አቅራቢውን አላየችም፣ አይኗ ወደኛ መጣ፣ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ተንከራተተና እህቴ ላይ ቆመ። እህቴ እያለቀሰች አልነበረም፣ ምንም አላደረገችም፣ አንዴ ብቻ ጭንቅላቷን ዝቅ አደረገች፣ ልክ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ጉዱን ሲነግራት "እየሰማሁሽ ነው፣ ቀጥዪ" እንደምትለው። ሴትዮዋ ትንፋሽ ወሰደችና "እሞክር ነበር፣ ትራስ አፌ ላይ አድርጌ" አለች። ከዛ በኋላ ያወራችው ነገር ቅድም እየሳቀች ካወራችው በጣም የተለየ ነበር።

እንግዳ ካሜራ ማናገር አይችልም፣ አቅራቢው ደግሞ ጆሮው ውስጥ ዳይሬክተሩ እያወራበት፣ እጁ ላይ ወረቀት ይዞ፣ ሰዓት እየቆጠረ ነው የሚሰማት። እዛ ክፍል ውስጥ መስማት ብቻ ስራው የሆነ ሰው ታዳሚው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ጊዜ ብዙ ቶክ ሾው ያለ ታዳሚ ሲቀረጽ አይታችሁ ከሆነ ልዩነቱን ታስታውሳላችሁ፣ ቀልዱ ባዶ ክፍል ውስጥ ሲወድቅ፣ እንግዳው የሚያርፍበት አይን ሲያጣ። አሜሪካዊው የቶክ ሾው አቅራቢ ፊል ዶናሁ እ.ኤ.አ. በ1967 ኦሃዮ ዴይተን ላይ ሾውን ሲጀምር ታዳሚው በእሱ ፕሮግራም ለተተካው ለሌላ ሾው ቲኬት ቆርጦ የነበረ ሰው ነበር፣ በማስታወቂያ እረፍት ላይ እነዛ ሰዎች ከሱ የተሻለ ጥያቄ ሲጠይቁ ሰምቶ ነው ማይኩን ይዞ ወደነሱ መውረድ የጀመረው። ዛሬ ታዳሚ መሀል ማይክ ይዞ የሚዞር አቅራቢ የምታዩት የዛ ውጤት ነው። አንዳንድ ሰው ደግሞ ስጦታ ይኖር ይሆን ብሎ ይሄዳል፣ ኦፕራ ዊንፍሬይ እ.ኤ.አ. በ2004 ለ276 ታዳሚ መኪና የሰጠችበት ቀን ሰው አእምሮ ውስጥ ቀርቷል (እነዛም ሰዎች በኋላ ግብር መጥቶባቸዋል)። ለስጦታ ብላችሁ ከሄዳችሁ ሦስት ሰዓቱ ይረዝምባችኋል። ሰው ለመስማት ሂዱ።

ጥያቄ መጠየቅ ለምትፈልጉ። ገና ሰልፍ ላይ እያለን ወረቀት ሰጥተውን ጥያቄ ጻፉ ብለው ነበር፣ ፕሮዲውሰሩ ከሰበሰበው ውስጥ አራት መረጠ፣ አንዱ የኔ ነበር። መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ "ንገሪኝ እስቲ በአፍሽ" አለኝ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደምወዳት፣ የትኛውን ዘፈን የት እንደሰማሁት፣ ብዙ ብዙ ተናግሬ ነው ወደ ጥያቄው የመጣሁት። በትህትና "መጨረሻ ላይ ያልሽውን ብቻ በያት" አለኝ። ልክ ነበር። ማይክ ሲመጣላችሁ ከልጁ እጅ አትንጠቁት፣ እሱ ነው የሚይዝላችሁ፣ እናንተ ከአገጫችሁ ትንሽ ዝቅ ብሎ መሆኑን አይታችሁ እንግዳውን እያያችሁ ተናገሩ። ማይኩን ጎንበስ ብላችሁ አትከተሉት። ልብ ይመታል፣ ድምጽ ይንቀጠቀጣል፣ ምንም አይደለም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ከሆነ ይወጣችኋል። እኔ የጠየቅኳት ድምጿ ከተመለሰ በኋላ የመጀመሪያ የዘፈነችው ለማን እንደሆነ ነበር። መልሷን አልናገርም፣ የሷ ነው።

እረፍት ሲሆን ሜካፕ የምትሰራው ልጅ ሮጣ ትገባለች፣ ገመድ የሚስተካከል ይስተካከላል፣ ውሀ ይቀየራል፣ ብርጭቆው ላይ ያለው ውሀ ልክ ቅድም እስከነበረበት ድረስ እንዲሞላ ሲያስተካክሉ አየሁ፣ ሹቶቹ ሲገጣጠሙ ውሀው በራሱ የጨመረ እንዳይመስል ነው። እንግዳዋ ከሄደች በኋላም አላለቀም። አቅራቢው ባዶ ወንበር እያየ አንዳንድ ጥያቄዎችን ደግሞ ጠየቀ፣ ቅድም ድምጹ ያልጠራባቸውን። ሰው ያለቀ መስሎት ብድግ ብድግ ሲል በጣም ተቆጡ። ጨርሰናል እስክትባሉ አትነሱ፣ መኪና ወይም ሌላ ቀጠሮ ያላችሁ ደግሞ ከተነገራችሁ ሰዓት በላይ አንድ ሰዓት ጨምሩበት።

ከወጣችሁ በኋላ እስኪተላለፍ ድረስ እንግዳው ያወራውን አትለጥፉ፣ አትናገሩ። የሰራተኞቹ ትዕዛዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ያቺ ሴት የትራሱን ነገር ያወራችው መጀመሪያ ለኛ ነው፣ ከኛ አፍ በተቆራረጠ ወሬ ቢወጣባት ጥሩ አይደለም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተላለፈ። ያ ሁሉ ሰዓት 50 ደቂቃ ሆኗል። የኔ ጥያቄ የለም፣ ተቆርጧል፣ መልሱም አብሮ። ሲቆረጥ ማንም ደውሎ አይነግራችሁም፣ ስለዚ ዘመድ ወዳጅ ሰብስባችሁ ኑ እዩኝ ከማለት በፊት ይሄን እወቁ፣ ኤዲት ማድረግ ያለበት ሰው ደግሞ የሆነ ነገር መጣል አለበት። ዝምታውን ግን አልጣሉትም። አሳጥረውታል፣ ያኔ ለኔ በጣም ረጅም ነበር አሁን ስድስት ሰባት ሰከንድ ቢሆን ነው፣ መሀሉ ላይ የኔ ጃኬት የለበሰችው እህቴ አንገቷን ዝቅ ስታደርግ ትታያለች። ሁለት ሰከንድ። እናቴ ሦስቴ ወደ ኋላ መልሳ አየቻት።

አሁን እናቴን ልወስዳት ፎርም ሞልቻለሁ። ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ መውጣትም ብዙ መቆምም አትችልም፣ የነዛ አዛውንት ነገር ከአይኔ ስላልጠፋ ፎርሙ ላይ "ሌላ ማወቅ ያለብን ነገር" የምትለዋን ባዶ ቦታ ሞልቼ ጻፍኩላቸው። በማግስቱ መለሱልኝ፣ በጎን በር አስገብተው ታች ረድፍ ላይ ወንበር እንደሚይዙላት፣ ሰልፍም መቆም እንደማይጠበቅባት። ወላጆቻችሁን ወይም መቆም የማይችል ሰው ይዛችሁ የምትሄዱ ያቺን ቦታ ባዶ አትተዉት፣ በቀኑ በር ላይ ከመለመን በጣም ይቀላል።